ብልሃትና ጥንቃቄ፦ ስለ አሮጌው የሳህን ማጠቢያ መኪና



ባለፈው ወር በዚሁ ዓምድ «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» በሚል ርእስ አንድ ጽሑፍ አቅርበን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የጤና ጣቢያችን ወጥ ቤት የሳህን ማጠቢያ መኪና መለዋወጫ ታጥቶለት ለሦስት ሳምንታት ቆሞ ከቆየ በኋላ አንድ ወጣት አሥር አለቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዳስነሣው ገልጸን፣ ተግባሩም ለሌሎች አርአያ ይሆን ዘንድ አመስግነነው ነበር። የዛሬው ጽሑፍ የዚያ ምስጋና እርማት ነው። መታረም የሚገባው ግን አሥር አለቃው ብቻ ሳይሆን በቅድሚያ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ መሆኑን ከመነሻው መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው ከአውሮፓ የመጣ፣ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለና በሩ ፊት ለፊት የሚከፈት ነው። ለሕሙማን የሚቀርበው ሳህን፣ ኩባያና ማንኪያ ሁሉ የሚታጠበው በዚሁ መኪና ነው። መኪናው በቆመባቸው ሦስት ሳምንታት ሁለቱ የወጥ ቤት ሠራተኞች ይህን ሁሉ ዕቃ በሙቅ ውሃና በሳሙና በእጃቸው ሲያጥቡ ከረሙ። ከሁለቱ በዕድሜ ገፋ ያሉት፣ ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው እናት፣ የጣቶቻቸው ቆዳ እየተላጠ መሄዱን የጤና ጣቢያውን ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ አይቶታል። መኪናውን ያቀረበው ድርጅት በስልክ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «ይህ ዓይነት መኪና መሠራቱ ቀርቷል፤ መለዋወጫም የለውም፤ አዲስ ይግዙ» የሚል።

አሥር አለቃው በሩን ፈትቶ በተመለከተ ጊዜ ብልሽቱ በበሩ መቆለፊያ ውስጥ ባለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ላይ መሆኑን በትክክል ደረሰበት። የዚህች መቆጣጠሪያ ሥራ በሩ መዘጋቱን ለመኪናው መንገር ነው። በሩ ሲዘጋ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ ሲከፈት ታቋርጣለች። እርሷ በመበላሸቷ በሩ ተዘግቶ ሳለ መኪናው በሩ ክፍት ነው ብሎ ቆሞ ነበር። ወጣቱ ወደ መቆጣጠሪያዋ የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ እርስ በርሳቸው ጠመዘዛቸውና በፕላስተር ጠቀለላቸው። መኪናው ተነሣ። ወጥ ቤቱ አጨበጨበ። እኔም በቦታው ተገኝቼ «ሠራ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ እንጂ «እንዴት ሠራ?» ብዬ አልጠየቅሁም። በዚያው ሳምንት ምስጋናው በጋዜጣችን ወጣ፤ ሠራተኞቹም ቆርጠው ከመኪናው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ጽሑፉ በወጣ በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ እትዬ የረሱትን ጭልፋ ለመጨመር በሩን ከፈቱ። ይህን ለዓመታት ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ በሩ ሲከፈት መኪናው ወዲያው ቀጥ ይል ነበርና። በዚያን ዕለት ግን ቀጥ አላለም። ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ከሚሽከረከረው ክንድ ተወርውሮ ቀኝ እጃቸውን ከአንጓው እስከ ክርኑ አቃጠለው።

ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ራሳቸው አልነበረም። «መቶ አለቃ፣ ልጁን አትቅጡብኝ፤ እኔን ለማሳረፍ ብሎ ነው» አሉኝ። ጥቂት ዝም ካሉም በኋላ፣ «ብቻ ሽቦው መቀጠሉን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በሩን አልከፍተውም ነበር» ሲሉ አከሉበት። ይህች ሁለተኛይቱ ቃል ናት ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደችኝ።

ከአደጋው በኋላ መኪናውን እንዲያዩልን የለመንናቸው በአካባቢያችን የሚኖሩ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። በአገልግሎት ዘመናቸው ጄኔሬተርና የሬድዮ መገናኛ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። መቆለፊያውን በጠረጴዛ ላይ ፈታተው ካስቀመጡ በኋላ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ስባሪ በመዳፋቸው ይዘው አሳዩን። «እነሆ፣ የተሰበረችው ይህች ናት። መኪናው አልተበላሸም፤ ጥፍሩ ነው የተሰበረው» አሉን። በሩ ሲዘጋ መቆጣጠሪያዋን የምትጫነው ምላስ ተሰብራ ነበር። መቆጣጠሪያዋም ብትሆን ለብዙ ዓመታት እሳት እየበላት ጠቁራ ነበር እንጂ በዓለም ላይ የጠፋች ዕቃ አልነበረችም፤ በጎኗ 16 አምፔር፣ 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይነበባል። እኩያዋ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ተገዛች። ምላሷን ሃምሳ አለቃው ከጠንካራ ናይለን ቆርጠው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ በአንድ ከሰዓት ሠሩዋት። ከዚያም መኪናው እየሠራ ሳለ በሩን ከጎን ቆመው 20 ጊዜ ከፈቱት፤ 20 ጊዜም ቆመ።

ሥራቸውን ሲጨርሱ ለአሥር አለቃው የነገሩትን ቃል እንዳለ ላስፍረው። «ልጄ፣ አንተም እኔም ያገኘነው ብልሽት አንድ ነው። አንተ አስቀረኸው፤ እኔ ተካሁት። የጎደለን ዕቃ መተካት ብልሃት ነው፤ ማስቀረት ግን ዕዳውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው።»

ውድ አንባብያን፤ መለዋወጫ የታጣለት አሮጌ መኪና የጤና ጣቢያችን ብቻ አይደለም። በየቤታችን የልብስ ማጠቢያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ምድጃው እርጅና ተጭኖት ይገኛል። ስለሆነም ከሃምሳ አለቃው ጋር በተቀመጥንባቸው ቀናት የሰበሰብነውን ትምህርት፣ የሳህን ማጠቢያውን እንደ ምሳሌ ይዘን፣ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በቅድሚያ የመኪናውን ጠባይ እንወቅ። የሳህን ማጠቢያ መኪና ሲታይ የተወሳሰበ ይምሰል እንጂ መሠረተ ሐሳቡ ከ130 ዓመታት በላይ ያልተለወጠ ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት የምትኖር ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች ሴት ባሏ ዕዳ ትቶባት ከሞተ በኋላ የፈለሰፈችውን መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 28 ቀን 1886 በስሟ አስመዘገበች፤ በ1893 በቺካጎ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ለሕዝብ አሳየችው። ከእርሷ በፊት የተሞከሩት ብዙዎቹ ዕቃውን በብሩሽ ለመፈግፈግ ይጥሩ ነበር። እርሷ ግን ሳህኖቹን በልካቸው በተሠራ የሽቦ ቅርጫት አቁማ፣ የሚያጸዳው በግፊት የሚረጭ ሙቅ የሳሙና ውሃ እንዲሆን አደረገች። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

አሠራሩም በአጭሩ ይህን ይመስላል። የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ከታች ያለው ገንዳ ይሞላል፤ ማሞቂያው ሬዚስታንስ ውሃውን ያሞቃል፤ ፓምፑ ይህንኑ ውሃ እየደጋገመ ወደ ረጪ ክንዶቹ ይገፋል፤ ክንዶቹ በውሃው ግፊት ብቻ ይሽከረከራሉ፤ በመጨረሻም ሌላ ትንሽ ፓምፕ ቆሻሻውን ውሃ ያስወጣል። ይህን ሁሉ በተራ የሚያዝዘው በአሮጌዎቹ መኪናዎች ላይ ጥርስ ያለው ሰዓት ቆጣሪ፣ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። አሮጌው መኪና ለጠጋኝ ወዳጅ የሚሆንበት ምክንያት በዚህ ላይ ነው፤ የታመመውን ክፍሉን በዓይን ለማየትና በእጅ ለመዳሰስ ይቻላልና።

እንግዲህ «መለዋወጫ የለም» ሲባል መጠየቅ ያለብን ዕቃው የየትኛው ድርጅት ነው ብለን ሳይሆን ዕቃው ምንድን ነው፣ ልኩስ ስንት ነው ብለን ነው። በዚህ ዓይን ስንመለከተው የመኪናው አካላት በሦስት ይከፈላሉ።

ሀ/ በቁጥርና በልክ በየትም የሚገኙ፦ ለምሳሌ ኩሽኔታ የማንም የግል ንብረት አይደለም። 6202 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ኩሽኔታ በየትኛውም አገር ቢሠራ የውስጡ ስፋት 15፣ የውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናውን የሠራው ድርጅት ቢዘጋ እንኳ ኩሽኔታው ከሞተር መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። የሞተር ማስነሻ ካፓሲተርም እንዲሁ ነው፤ የማይክሮ ፋራድ ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር እኩል፣ የቮልት ቁጥሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ፣ ለሞተር ሥራም የተሠራ ይሁን እንጂ ስሙ አያሳስብም። በአብዛኞቹ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ የውሃ ማስገቢያው ቱቦ ጥርስ 3/4 ኢንች ስለሆነ የልብስ ማጠቢያ ቱቦ ሊገጥምለት ይችላል። ፋሸታ፣ ብሎንና ኦሪንግም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ለ/ በእጅ ወይም በቶርኖ ቤት ሊሠሩ የሚችሉ፦ የቅርጫት መንኮራኩር፣ የበር እጀታ፣ ማያያዣ፣ ቡሽ፣ እንዲሁም ከላይ የጠቀስናት ዓይነት ምላስ ናቸው። ለዚህ ሥራ ዋነኛው ነገር የተሰበረውን አለመጣል ነው። ስባሪው ምንም ቢደቅ ለባለ ቶርኖው የልኩ ምስክር ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተባለው ሰፈር ሌሎች የጣሉት ዕቃ እንደገና ሕይወት የሚዘራበት በመሆኑ የታወቀ ነው፤ ወደዚያ የሚዘልቅ ሰውም ስባሪውን በኪሱ ይዞ ከሄደ በቃል ከሚያስረዳው ይልቅ ፈጥኖ ጉዳዩን ይፈጽማል። በሌላ በኩል የሞተ መኪና ያለው ጎረቤት ካለ፣ ከሁለት ሙታን አንድ ሕያው ማውጣት የቆየ የጥገና ሙያ ነው።

ሐ/ ፈጽሞ የማይቀሩ፦ የበሩ መቆጣጠሪያ፣ ሙቀት ከልኩ ሲያልፍ የሚያቋርጠው ቴርሞስታት፣ ውሃ ሲሞላ የሚያቆመው ተንሳፋፊ፣ ፊውዝና የመሬት ሽቦ ናቸው። እነዚህ ሳህን አያጥቡም፤ የሚጠብቁት ሰውን ነው። በእኩያቸው ይተካሉ እንጂ በሽቦ አይዘለሉም። በፊውዝ ምትክ የመዳብ ክር ያሰረ ሰው መኪናውን አልጠገነም፤ የቤቱን ጠባቂ ከበር አሰናበተ እንጂ። እኩያቸው እስኪገኝ ድረስ መኪናው ይቁም፤ በእጅ ማጠብ አድካሚ ቢሆንም እንደዚያ አያቃጥልም።

ወደ ምርመራው እንለፍ። ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መሰኪያው ከግድግዳው ይነቀል፤ የውሃው መዝጊያ ይዘጋ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ በቂ አይደለም። ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተር ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ባለሙያ ሳያፈሰው በጣት አይነካ።

ውሃ አልገባ ካለ፦ ወደ ቫልቩ ከመድረሳችን በፊት ቱቦው ከቫልቩ በሚገናኝበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ወንፊት እንመልከት። አሸዋና ዝገት ይደፍናታል። ቀጥሎ የውሃው ግፊት ነው። ብዙዎቹ መኪናዎች ቢያንስ 0.5 ባር ገደማ ግፊት ይሻሉ። የውሃ ታንከር ከመኪናው በላይ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል ግፊቱ 1 ባር ያህል ነው፤ በ3 ሜትር ቆርቆሮ ጣራ ላይ የተቀመጠ ታንከር ግን 0.3 ባር ብቻ ይሰጣል። ስለሆነም «ቫልቩ ሞቷል» ተብሎ የተጣለ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የታንከሩ ነው።

ውሃው አልወጣ ካለ፦ ማጣሪያው ወጥቶ ይታጠብ፤ ከዚያ በታች ባለው አስወጪ ፓምፕ መዘውር ላይ አጥንት፣ የሎሚ ፍሬ ወይም የብርጭቆ ስባሪ አለመጠላለፉ በፒንሳ ይፈተሽ። የብርጭቆ ስባሪ ሊኖር ስለሚችል ባዶ ጣት አይግባ። ቱቦው ከመኪናው ኋላ ተጣጥፎም ሊሆን ይችላል።

ውሃው አልሞቅ ካለ፦ ሬዚስታንሱን በቴስተር መለካት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ይረዳል። የቮልቱን ቁጥር በራሱ አባዝተን ለዋቱ ስናካፍለው ሊኖረው የሚገባውን ኦም እናገኛለን። 220 ሲባዛ በ220፣ 48,400 ነው፤ ይህ ለ2,000 ዋት ሲካፈል 24 ኦም ያህል ይሆናል። ሽቦዎቹ ተነቅለው ሲለካ ወደዚህ የተጠጋ ቁጥር ከተገኘ ሬዚስታንሱ ጤነኛ ነውና ጥፋቱ በሌላ ቦታ ይፈለግ፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቃጥሏል። በሬዚስታንሱ ጫፍና በብረት ሽፋኑ መካከል ንባብ ከታየ ግን ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል እየፈሰሰ ነውና ለአንድ ቀንም ቢሆን አይሠራበት። ተመሳሳይ ሬዚስታንስ ለመግዛት የሚያስፈልጉን የፋብሪካው ስም ሳይሆን ቮልቱ፣ ዋቱ፣ የቅርጹ ልክና የመግጠሚያው ስፋት ናቸው።

ሳህኑ ካልጠራ፦ የረጪው ክንድ ቀዳዳዎች በነጭ የኖራ ቅርፊት ተደፍነው ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣባቸው ሰፈሮች ይህ የተለመደ ነው። ክንዱ ወጥቶ ለአንድ ሌሊት በአቼቶ ከተዘፈዘፈ በኋላ ቀዳዳዎቹ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይከፈቱ። አቼቶ ጎማን በጊዜ ብዛት ስለሚጎዳ የዘወትር መድኃኒት አይሁን። ከዚህ ሁሉ በላይ አቼቶና በረኪና በምንም ዓይነት አንድ ላይ አይቀላቀሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉና። የመኪናው ማለስለሻ ክፍል ካለውም ንጹሕ ሻካራ ጨው ሊጎድልበት አይገባም። በእጅ ለማጠብ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ደግሞ በመኪናው ውስጥ አረፋ ሞልቶ ፓምፑን አየር ያስውጠዋል፤ በበሩም በኩል ይፈሳል።

በሩ ካፈሰሰ፦ ጎሚኒውን ለመለወጥ አንቸኩል። አስቀድሞ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከሥሩ የተጋገረው ቅባት ይጠረግ። ግማሹ ፍሳሽ በዚህ ይቆማል። ከደረቀ ደግሞ ቅርጹንና ውፍረቱን ለክቶ ተመሳሳይ መፈለግ ነው። ሙቅ ውሃ የሚችለው ጎማና ዘይት የሚችለው ጎማ የተለያዩ ናቸውና ለመኪና ሞተር የተሠራ ጎሚኒ ለዚህ አይሆንም፤ ተራ ግራሶም ሙቅ ውሃ የሚችለውን ጎማ ያሳብጠዋል። ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ለጊዜው ፍሳሽ ሊያቆም ይችላል፤ ሆኖም ለምግብ ዕቃ ታስቦ የተሠራ ስላይደለ ሳህን በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ከውጭ አገር ዘመድ ላላቸው ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከአሜሪካ የሚላክ መኪና ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። በዚህም ምክንያት በአሮጌዎቹ መኪናዎች የሚገኘው ዓይነት ሞተር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ የፓምፑ ግፊት በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ በኤሌክትሪኩ ኸርዝ የሚሄደው ሰዓት ቆጣሪም 60 ደቂቃ የሚፈጀውን እጥበት 72 ደቂቃ ያደርገዋል። ሞተሩም ከልኩ በላይ ሊሞቅ ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ሳህን አልጠራ ሲለው ብልሽት ፈልጎ መፍታት በከንቱ መድከም ነው። ዘመድ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ብንነግረው የሁለታችንም ድካም ይቀልላል።

ሌላው ቁም ነገር፣ «መለዋወጫ የለም» የሚለው ቃል የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት በገበያው የሚሸጥ የቤት ውስጥ የሳህን ማጠቢያ አምራች፣ የዚያ ዓይነት የመጨረሻው መኪና ለገበያ ከቀረበ በኋላ ሞተር፣ ፓምፕና ማሞቂያን የመሳሰሉትን ለጠጋኞች ቢያንስ ለ7 ዓመታት፣ የበር ጎሚኒ፣ ረጪ ክንድ፣ ማጣሪያና ቅርጫትን ደግሞ ለተጠቃሚዎችም ጭምር ቢያንስ ለ10 ዓመታት እንዲያቀርብ ግዴታ አለበት። ደንቡ የቀደሙትን አሮጌ መኪናዎች አይታደግም፤ የእኛንም አልታደገም። ነገር ግን ወደፊት አዲስ ለሚገዛ ሰው አንድ ጥያቄ ያስተምረዋል፤ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት መለዋወጫው እስከ መቼና ከየት እንደሚገኝ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላልና ከመበላሸቱ በፊት የሚደረገውን አንዘንጋ። ማጣሪያው በየቀኑ ይታጠብ፤ ረጪው ክንድ በየወሩ ይፈተሽ፤ የመግቢያዋ ወንፊት በየሦስት ወሩ ትጽዳ፤ ሳህን ሲገባ አጥንትና ፍርፋሪው አስቀድሞ ይራገፍ። በተጨማሪም በመኪናው ጀርባ ወይም በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው የመግለጫ ሰሌዳ ሳይፋቅ ቁጥሩ በደብተር ይገልበጥ። ሰሌዳው የጠፋበት መኪና የልደት ቀኑን እንደማያውቅ ሕመምተኛ ነው፤ ጠጋኙ ሁሉንም ከመጀመሪያው ለመጠየቅ ይገደዳል።

የጠገነ ሰውም አንድ የመጨረሻ ግዴታ አለበት፤ ይኸውም የሠራውን መናገር ነው። ጊዜያዊ ሥራ ከሆነ ጊዜያዊ መሆኑን፣ የተለወጠ ነገር ካለም መለወጡን፣ በወረቀት ጽፎ መኪናው ላይ ይለጥፍ፤ ከዚያም መኪናውን በየቀኑ ለሚነካው ሰው በቃሉ ያስረዳ። አለቃው ማወቁ ብቻ አይበቃም። በሩን የሚከፍተው አለቃው አይደለምና።

ምናልባት በየቤታችሁ ተመሳሳይ አደጋ ቢያጋጥም፣ በሙቅ ውሃ የተቃጠለ አካል ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ይቆይ። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይጀምር ይውለቅ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዱቄትም ሆነ በረዶ አይደረግበት፤ ያቆረው ውሃ አይፍረጥ። ቁስሉ ከመዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም በፊት፣ በእጅ፣ በመገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ። በጤና ጣቢያችን ዕለት ሌላይቱ ሠራተኛ የእትዬን እጅ ጎትታ ከቧንቧ ሥር ባታቆየው ኖሮ ጉዳቱ ከዚህ የባሰ ይሆን እንደ ነበር ሐኪሙ ነግሮናል። ባለፈው ወር ምስጋና ይገባቸው ከነበሩት ሰዎች መካከል ስሟን ያልጠቀስነው እርሷን ነው።

ውድ አንባብያን፤ አሥር አለቃው አልተቀጣም። በእርሱ ላይ የፈረደው ከሁላችን ይልቅ የራሱ ኅሊና ነው፤ ለብዙ ቀናት ወደ ወጥ ቤቱ ለመግባት አፍሮ ነበር። አሁን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ካቻቢቴውንና ቴስተሩን ይዞ ወደ ሃምሳ አለቃው ቤት ይሄዳል። ሃምሳ አለቃው ያላቸው እውቀት በየትኛውም መደብር የማይሸጥ መለዋወጫ መሆኑን፣ እርሳቸው ሳይኖሩም የሚሠራው ማንም እንደማይኖር ስንገነዘብ፣ ከመኪናው ይልቅ ይህኛው ጥገና አስቸኳይ ሆኖ ታየን። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይጠፋም። እድሜ ሳይቀድመን ሄደን እንጠይቃቸው።

እትዬም ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ክንዳቸው ላይ ጠባሳ አለ። በተመለሱ ዕለት ከመኪናው በላይ የተለጠፈውን የጋዜጣ ቁራጭ ልላጠው እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ። «ይቆይ፤ አዲሱን ጻፍና ከጎኑ ለጥፈው። የሚመጣው ሰው ሁለቱንም ያንብብ» አሉኝ።

እነሆ ጽፌያለሁ።